ቤት የማይመታ ቤት

ደላላው ጓንጉል ደረጃውን ቀድሞኝ እየወጣ፣
«የጣልያን ሥራ ነው፤ አይነቃነቅም ምን ቢመጣ፤
ውሃው ቀንም ሌትም፣ መብራቱም ሳይቆራረጥ፤
ዛሬ ካልያዝሽው ነገ ለሌላ ነው የሚሸጥ»
አለኝ። እኔ የማየው ደረጃውን ነበር፤
መካከሉ ጎድጉዶ፣ እንደ ወፍጮ ከንፈር፤
ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሰው ወጥቶ፣ ሰው ወርዶ፣
ድንጋዩም እንደ ጫንቃ በሸክም ተላምዶ።

ፒያሳ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል ከነሰገነቱ፤
መስኮቱን ሲከፍቱት የፋሲል ግንብ አናቱ
ከዛፎቹ በላይ ብቅ ይላል፣ እንደ ጎረቤት፤
ዋጋ ያስወደደው እሱ ነው እንጂ፣ ቤቱማ ምኑ ቤት!
ኮርኒሱ ሆዱ ተነፍቶ፣ ቧንቧው ከነጉልበቱ ዝጎ፣
አንዱ መዝጊያ ጠፍቶ፣ አንዱ በሽቦ ተጠፍንጎ።

ወራሾቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ አይነጋገሩም፤
ስም ሲዞር እንኳ አንድ አግዳሚ ላይ አልተቀመጡም።
ታናሽየዋ ብቻ፣ ፊርማው ሲያልቅ፣ ጠጋ ብላ፣
«የኩሽናውን ግድግዳ ቀስ በይ» አለችኝ፤ ሌላ
ነገር አልጨመረችም። እስክሪብቶውን መለሰች።
ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም በነጠላዋ ጠረገች።

ብሩ የአሥራ አንድ ዓመት እቁብ ነው፤ የሌሊት ተረኛ
ሆኜ በሆስፒታሉ ስዞር፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ።
እህቴ ሰምታ አበደች፦ «በዚህ ብር ማራኪ ላይ አዲስ
ታገኚ ነበር፤ ማንም ያልሞተበት፣ ጣራው የማያፈስ!»
መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።
ደረጃውን ወደድኩት ብላት አታምነኝም።

ግምበኛው ስንሻው ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣
ጆሮውን ለጥፎ ሰማው፣ እንደ ሐኪም፤ ለካ
ግድግዳም ሳምባ አለው። «ይህ» አለ «ኖራ ነው የጠጣው፤
ይህን ሁሉ ሻጋታ ሲሚንቶ ነው ያመጣው።
አፍነውታል፤ ይተንፍስ። ኖራ በበርሜል እናብስል፤
ሦስት ሳምንት ስጪኝ፤ አትበዪኝ ፈጠን በል።»

ሦስቱ ሳምንት ሰባት ሆነ።

አዲሱን መስኮት ወደ አሮጌው ቀዳዳ አስጠግቶ፣
«አይገጥምም» አለኝ፣ ሜትሩን ሰብስቦ፣ ተቆጥቶ።
«ከአራቱ ማዕዘን አንዱም ከአንዱ ጋር ቤት አይመታ!
ይህን የገጠመው ሰው ሰክሮ ነው፣ ወይ በጨረቃ ማታ።»
እኔ ሳቅሁ። ስንሻው አልሳቀም። መሮውን አነሳ፤
አዲሱን እንጨት ላገው፣ ያሮጌውን ጥመት ሳይረሳ።

ኩሽናውን የፋቅሁት እኔ ነኝ፤ በእረፍት ቀኔ፣
በቢላ፣ ቀስ ብዬ፤ የሴትየዋ ቃል ነበር ከጎኔ።
መጀመሪያ ክሬም ወጣ። ከሥሩ አረንጓዴ፣
የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ዓይነት፤ ትንሽ ባር ባር አለው ሆዴ።
ከሥሩ ሰማያዊ፤ ከሰማያዊው ሥር ደግሞ እርሳስ፤
ጭረት በጭረት ላይ፣ ከወገቤ እስከ ራስ።
የእስረኛ ቀን መቁጠሪያ መሰለኝ፤ ልቤ ደነገጠ።
ዝቅ ስል ጽሑፍ አለ፣ በጥሩ እጅ የተቀመጠ፦
«ውሃ የመጣበት ቀን።»

ከዚያ ወር በወር፣ ዓመት በዓመት። «መስከረም፦ አራቴ።
ጥቅምት፦ ሁለቴ። ኅዳር፦ አንዴ፤ እሱም ሌሊት፣ ሰማች ሚስቴ።
ታኅሣሥ፦» ባዶ። «ጥር፦» ባዶ። ከባዶው ጎን ደግሞ
ባልዲ አለ፣ ልጅ የሳለው፣ ወደ አንድ ጎን አዘምሞ።

ጓንጉልን አስታወስኩት፣ «ቀንም ሌትም» ያለውን፤
ቤቱ ራሱ መዝግቦ ይዞት ኖሯል እውነቱን።

ስንሻው ኖራ ይዞ ገባ። አየው። ቆመ።
አነበበ። አንድ ነገር አጉረመረመ።
«ይለሰን?» አለኝ። «ይቅር።» «ሳይለሰን ግን ቤቱ አያምርም።»
«አያምር።» አሁንም ያ ግድግዳ ሌላውን አይመስልም፤
ቤት አይመታም።

ትናንት ተረኛ አልነበርኩም፤ ተኝቼ ሳለ
ቧንቧውን ሳል ያዘው፣ ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ እንደ ሰው «እህ» አለ።
በባዶ እግሬ ተነሣሁ፤ ሮቶውን ከፈትኩ፤ ባልዲ ደቀንኩ፤
እርሳስ ፍለጋ በጨለማ የሥራ ጋወኔን ኪስ ዳበስኩ።

ሰኔ፦ አንዴ።