ያደረ መልስ

ደሴ ላይ ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲልሰው፣
አስካለ ጣቷን ታሻለች፣ መዝገቡን ልትጨርሰው።
ጥቁሩ ገጽ ግን ትናንትና ስሙን የሰጠውን ሰው
«ማን ነህ?» እያለ እንደ ባዳ ከደጃፉ መለሰው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ስክሪፕቱን የጻፍሁት እኔ፤
መጠየቅ እንጂ ማስታወስ አልነበረም ውጥኔ።
በአንዲት ፊደል መንሻፈፍ «በሽር» «በሸር» ቢሆንባት፣
ስም፣ ቀበሌ፣ የቆጣሪ ቁጥር፣
ሁሉን ከአናቱ መጻፍ ነበረባት።

አንድ ቀን ወንበሯን አዙራ «ስማ» አለችኝ «ወንድሜ፣
አንዲት ቁልፍ ብትረግፍ ኮቴን ልቅደደው ቁሜ?
የተሳሳተውን ስጠኝ፤ እሱን ብቻ ልንካ፤
ደህናው ፊደል ምን በደለ፣ እንደ አዲስ የሚለካ?»

በመጀመሪያ አሮጌውን መልስ
በቅንፍ አጥሬ ከጥያቄው ጎን አኖርሁት፤
በመስታወት እንዳለ ቅርስ ሆነ፤ ይታያል፣ አይነኩት።
ከዚያ አንዲት ምልክት አገኘሁ፣ ከትእዛዙ ጭራ የምትጻፍ፣
ያደረውን መልስ አውጥታ ከጠቋሚዋ በፊት የምታነጥፍ፤
ልስልስ አድርጋ፣ በቀስት ወዲያ ወዲህ የሚሉበት፣
አንዷን ደምስሰው፣ አንዷን ሰክተው፣ «እሺ» ብለው የሚያልፉበት።
ፊደሉ ሁለት ቀን እምቢ አለ፤ ባዶ ሣጥን እየሆነ ወጣ፤
በሦስተኛው ቀን «መ» ብሎ፣ በገዛ እግሩ መጣ።

አስካለ ሳቀች። ሻይ ጋበዘችኝ።
የቀን ሥራዋ እኩለ ቀን ላይ አለቀ።

ማለፍ ሲቀል ግን፣ ጣት ይለምድና ማየት ይተዋል፤
ያደረ ወጥ እንኳ ይሸተታል፤ ያደረ መልስ «እሺ» ተብሎ ያልፋል።
ይህን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ሴት ገባች፤ ጥላዋ ያንጠባጥባል፤
የሞት ማስረጃ በፌስታል ይዛለች፣ ማኅተሙ ገና ያበራል።
«የቆጣሪው ስም ይዙርልኝ» አለች።
ሌላ ያለችው የለም።
አስካለ ቁጥሩን መታች፤ ስሙ ወጣ፣

          ይመር ሙሄ አደም

ጠቋሚዋ ከመጨረሻዋ ፊደል ኋላ ብልጭ፣ ድርግም።

ጣቷ ወደ ማጥፊያው ሄደ፤ አንድ መታች፣ «ም» ጠፋ፤
«ደ» ጠፋ፤
«አ» ጠፋ።
ሴትዮዋ ከመስኮቱ ወዲያ እጇን አነሳች፤
«ቆይ፣ እዚያ ላይ ይብቃሽ፤ ቀሪው የኔም ነው» አለች።

እኔ ገና አልገባኝም። አስካለ ቀድማ ገባት፤
ጠቋሚዋን በአንድ ቁልፍ ወደ መስመሩ ራስ ወሰደቻት፤
ከ«ይ» ፊት አቆመቻት።
ጦ። ይ። ባ።
ይመር በየፊደሉ ፈቀቅ አለ፣ ሚኒባስ ላይ ሰው ሲገባ፤

          ጦይባ ይመር ሙሄ

አንዱ ከኋላ ወረደ፣ አንዷ ከፊት ተሳፈረች፤
በሌሊት አገኘኋት ብዬ የኮራሁባት ዘዴ
ለካ ከኛው ጋር ተወልዳ ነበረች።
እዚህ አገር ሲወለዱ የሚያገኙት ባዶ መስመር አይደለም፤
የአባት ስም ተጽፎ ይጠብቃል፤
ከፊቱ ያለችው ጠባብ ቦታ ብቻ ናት፣ ያልተሞላች ዓለም።

ይህን እያሰብሁ፣ ለራሴ እያደነቅሁ ቆሜ ሳለሁ፣
ጦይባ ደረሰኙን አነበበችው፣ ወደ ብርሃኑ ተጠግታ፤
«ስሙስ ልክ ነው፤ ፍጆታው ግን» አለች፣ ጣቷን ዘርግታ፤
«አባቴ ያረፈው ሐምሌ ነው፤ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ዝግ ነው፤
በመስከረም አሥራ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ የጠጣው ማን ነው?»

አስካለ ወደ እኔ ዞረች።
እኔ ወደ ጉሙ።

የነሐሴው መልስ ነበር፤ የነሐሴውም የሐምሌ፤
ማንም ሳያየው «እሺ» እየተባለ
ከወር ወር የተሻገረ።

ጠቋሚዋን ወደ ኋላ መለሰች፤
ሁለቱን አንድ አጠፋች፤
ዜሮ ጻፈች።