ትራፊ መስታወት

ከዚራ፣ አይስክሬም ይሸጥበት ከነበረው ቤት
ፍሪጁ ሞተ፤ አውጥተው ጣሉት ከበሩ ፊት ለፊት።
ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፤ የማይድን ሲያጋጥመኝ
ነፍሱን ሸኝቼ ሥጋውን እበልታለሁ፤ እንጀራ ነው፣ ይቅር ይበለኝ።
ሞተሩን ሸጥኩና፣ መዳቡን ሸጥኩና
መስታወቱ ቀረ፤ ለሱ ገዢ የለምና።

በሲሊከን አጣበቅሁት።
"ሦስት ቀን ይድረቅ" ብሎ ካርቶኑ ላይ የጻፈ
ድሬ አልኖረም፤ የጠዋቱ በቀትር ደርቆ አረፈ።
ውሃው ያው የድሬ ነው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ የሚያበቅል፤
በርሜል ሞልቼ ሁለት ሌሊት አሳደርኩት፣ መድኃኒቱ እንዲወጣ፣ እንዲቀል።

መጀመሪያ ጉፒዎች፤ ጅራታቸው እንደ መጋላ ሻሽ፣
አምስት ሆነው ሲዞሩ ሠርግ ቤቱ የጠፋባቸው፣ ሩጫ ብቻ፣ መድረሻ የለሽ።
ቀጥሎ ሁለት ወርቃማ፣ ሆዳቸው የገፋ፣
ብርድ ወዳድ ፍጥረቶች፤ እዚህ፣ በግንቦት፣ በዚህ ግለት፣ ምን ዓይነት ተስፋ!
በጠርሙስ በረዶ ሠርቼ አንሳፍፍላቸዋለሁ፤
ጉፒዎቹ ሲኮማተሩ አወጣዋለሁ፤
ወርቃሞቹ ሲያለከልኩ እመልሰዋለሁ።
ይኸው ነው ዳኝነቴ፤ ሁለቱንም ማስቀየም፣ በየተራ፤
ሁለቱን የሚያስደስት ዲግሪ ያገኘ ይንገረኝ፣ አደራ።

ከአዲስ አበባ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ በአውቶቡስ ተጉዞ
መልአክ የሚሉት ዓሣ መጣ፣ ክንፉን ይዞ፣ ኩራቱን ይዞ።

ሁሉም ደህና ነበር፤
ልጄ ኢፍቱ ሐረማያ ልትማር ሄዳ፣ ለእረፍት የመጣች ለት፣
ደርቆ ከተመለሰው ሐይቅ አንድ ቆሮሶ በሃይላንድ ይዛ ባትገባ ቤት።
"አባዬ፣ ሐይቁ ተመልሷል፤ ይኸው ምስክሩ" አለችኝ፤
ከጥፍሬ የማይበልጥ፣ ዓይን ብቻ ሆኖ ያየኝ።
እንዴት እምቢ ይባላል ምስክር? ለዚያውም የሐይቅ?
ቆጠርኩት ከቤተሰብ፤ እሱ ግን መብላት እንጂ መቆጠር አያውቅ።

ወር አልሞላም፤ ጠጠሩን በአፉ እየለቀመ ጥግ ላይ ቆለለ፤
ጉድጓድ ቆፈረ፣ ድንበር አሰመረ፣ ድንበሩ ላይ ዋለ።
አንድ ጠዋት ስቆጥር አምስቱ ጉፒ አራት፤
በሳምንቱ ሦስት። መልአኩም ጃንጥላ መሰለ፣ ጨርቁ ተቦጭቆ ሽቦ የቀረለት።

ዚያድ ኮምፕረሰር ሊወስድ መጥቶ ቆመ፤ አየ፤ ሳቀ፤
"ልክ እንደ ድሬ!" አለ። "እንዲህ ያለ ፍቅር ሌላ የት ታወቀ?"
ዝም አልኩት። እሱ ያየው በቀትር፣ ምግብ ከተበተነ በኋላ፤
ጠዋት ጠዋት የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ ቆጣሪ የለም ሌላ።

ከዚያ ያ ሌሊት። መብራት ሄደ ከሳቢያን እስከ ለገሀሬ፤
ነፋስ የለ፤ ምድጃ ሆና አመሸች ድሬ።
ፓምፑ አንዴ ተንተባተበና ዝም አለ፤
በባትሪ ሳይ፣ ሁሉም ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከውሃው ጠርዝ ተከለ።
ጉፒው፣ ወርቃማው፣ ክንፈ ቢሱ መልአክ፣ ቆሮሶውም፣
ከንፈር ለከንፈር፣ በዪው ከተበዪው ጎን፤ ማንም ማንንም አይነክስም።

ፍቅር አይደለም። ስሙን አውቀዋለሁ፤ አየር ማጣት ነው።

በጣሳ እየጨለፍኩ፣ ከፍ አድርጌ እያፈሰስኩ፣ እስከ ሺህ ቆጥሬ ቁጥሩ ጠፋኝ፤
ከደቻቱ ማዶ አዛን ሲሰማ ክንዴ የኔ አልመስል አለኝ።
መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ ሳለ፣ ተነፈሰ፣ ውሃው ታመሰ፤
ደቂቃ አልቆየም፤ ቆሮሶው ዞሮ የመልአኩን ጭራ ጎረሰ።

በወንፊት አወጣሁት። በርሜሉ ውስጥ፣ ለብቻው፤
ተቀናቃኝ የለ፣ ድንበር የለ፤ ይዋኝ፣ ምን ጎደለው?
ሦስት ቀን አልበላም። ቀለሙ ወየበ። ጠጠር አልነካም።
ኢፍቱ ደውላ "ምስክሬ እንዴት ነው?" ስትለኝ "ደህና" አልኳት፤ አባቷ ሲዋሽ አታውቅም።

በአራተኛው ቀን ከዚያው ፍሪጅ በር የተረፈው ስባሪ ትዝ አለኝ፤
ጀርባውን ጥቁር ብቀባው እንኳን ለዓሣ ለኔም ፊቴን አሳየኝ።
በርሜሉ ውስጥ አቆምኩት።
አየ። ክንፉን ገተረ። ቀለሙ መጣ። አፉን ከፍቶ ተወረወረ፤
ከማይሸሸው ጠላት ጋር ሲላተም ውሎ፣ ሲመሽ፣ ተርቦ፣
የበተንኩለትን ጠራርጎ በላና ጠጠር መልቀም ጀመረ።

ከስባሪው ጥግ የኔም ፊት አለ።
አልፎ አልፎ እሱንም ይነክሰዋል።