የወሰን ጠብ

በእኛ አፍ ሲጠሩት «አረብ ብረት» ይባላል፤
አረቡን ቢጠይቁት «ከህንድ መጣ» ይላል፤
የህንዱ አንጥረኛ ግን፣ ኮሙራያ የሚሉት፣
ትከሻውን ሰብቆ ጓሮውን ያሳያል።

ጓሮው ተራራ ነው፤ የብረት አር ክምር፣
ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያምር።
ፍየል ይወጣበታል፣ ልጅ ይንሸራተታል፤
ማን እንዳቀለጠው የሚያውቀው ሰው ሞቷል።

ዘንድሮ የጎዳቫሪ ዝናብ ክምሩን ሲንደው
ግማሽ ቡጢ የምታህል ድብልብል ብረት ወጣች፤
ከመሃል የተሰነጠቀች፣
ዝገት እንደ ቅርፊት ዙሪያዋን የለበሰች።
ኮሙራያ አነሳት፤ ከበደችው፤ በጋዜጣ ጠቀለላት፤
እስከ ሃይደራባድ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አስቀመጣት፣
ሊፈለፈል የደረሰ እንቁላል ይመስል።

ሱጉና ናት በቤተ ሙከራው የተቀበለችው።
ሥራዋ መወልወል ነው፤
በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያም በልዝቡ፣
ከዚያም በአልማዝ ብናኝ፣
ብረቱ መስታወት ሆኖ ፊቷን እስኪመልስ፤
ከዚያ ያን ሁሉ ልፋት በአንዲት የአሲድ ጠብታ ታጠፋዋለች፤
ውበቱ ካልደበዘዘ እውነቱ አይነበብም።

«ና እይ» አለችው።
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ፤
የደረቀ ኩሬ አየ፤ ጥቁር ጭቃ፣ የተተረተረ፣
በየስንጥቁ ውስጥ ነጭ ጨው የጋገረ።

«ጥቁሩ ብረት ነው፣ ቅጠል በቅጠል የተነባበረ፤
ነጩ ሴመንታይት ነው፤ ብረትና ካርቦን
ሦስት ለአንድ ተማምለው አንድ አካል የሆኑበት።
ስለቱ ከእሱ ነው። ሞቱም የመጣው ከእሱ ነው።
ከመቶ አንድ ተኩል ካርቦን ይሄ ብረት ጠጥቷል፤
ቢበዛለት ድስት ነው የሚሆነው፣
ቢጎድልበት ምስማር።
ነጩ ግን መረብ ሠርቶ ቅንጣቱን ሁሉ በወሰን አጠረ፤
ጠብ ደግሞ ታውቃለህ፣ ሁልጊዜ በወሰን ነው፤
መዶሻ ሲያርፍበት ስንጥቁ መንገድ አገኘ።»

«ማን አጠፋ?»
«የቸኮለ ሰው። ነጭ እስኪሆን አግሎ መታው።»
ኮሙራያ ዝም አለ፣
የቅድመ አያቱን ሐሜት ከባዕድ አፍ እንደሰማ ሰው።
«እና ጣለው» አለ።
«እና ጣለው።»

የተሳካው ሁሉ ባሕሩን ተሻገረ፣
ጎራዴ ሆነና በሌላ አገር ስም፣ በሌላ ወገብ አደረ፤
ለልጅ ልጅ ውርስ ብሎ
ከክምሩ ሥር የቆየው የከሸፈው ብቻ ቀረ።

ግማሹን ቆርጣ ሰጠችው። ሦስት መጋዝ ተበላ።
ቤቱ ገብቶ መስኮቱን በጆንያ ከለለ፤
የጋለ ብረት ቀለሙን የሚናገረው በጨለማ ነዋ።
ናርሳቫ ወናፉን ያዘች።
ነጭ አይደለም፣ ብርቱካንም አይደለም፤
የደረቀ በርበሬ ሲመስል ያኔ አወጣው፤
አልደበደበውም፤ ነካ ነካ፣ ነካ ነካ፣
መለሰው። ደግሞ አወጣው። ደግሞ ነካ ነካ፤
አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ብረቱ እንቢ እንዳለ፣
በሦስተኛው ማታ
እንደ ሊጥ ተሳበ።

ከጫፉ ቆርጦ ላከላት። ወለወለች፣ አደበዘዘች፤
መረቡ የለም።
ነጩ ተሰባብሮ፣ ተድበልብሎ፣
እንደ ተበተነ ሩዝ በጥቁሩ ሜዳ ላይ።
ያው ካርቦን፣ ያው ብረት፤ ቁንጥር ታህል እንኳ
አልተጨመረበት፣ አልተቀነሰለት፤
አቀማመጡ ነው ዕጣውን የለወጠው።

መዝገቧ ላይ ጻፈች፦
ቁጥር አርባ ሰባት፣ ሀ፦ የከሸፈ።
ለ፦
ብዕሯን እንደያዘች ቆየች።

ናርሳቫ ደጃፉ ላይ የቢዲ ቅጠል ከምራ ተቀምጣለች፤
ስለ መረብ አልሰማች፣ ስለ ሩዝ አልሰማች፤
አዲሲቱን ካራ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤
አንዱን ቅጠል ቆረጠች፤
ቀጥሎ ያለውን ቆረጠች።