ካሴቱ ላይ የሌለው

ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ሲወርዱ፣ በስተቀኝ፣
ይኸ የቆርቆሮ አጥር ያኔ በር ነበር የሚያስገባኝ።
ሁለት ብር መግቢያ፣
አንድ ቢራ ማደሪያ።
አስተናጋጁ ገዛኸኝ ጠርሙሴን በዓይኑ እየለካ፣
«ይኸ ቢራ አያልቅም እንዴ? ጠበል ኖሯል ለካ!»
ይለኛል። ይበለኝ።
ቀን ራዲዮ ስጠግን ውዬ ዶሮ ማነቂያ፣
ብየዳ የሸተተ እጄን፣ ኪሴን አድርጌ መደበቂያ፣
ከምሰሶው ሥር፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ፣
አንገቴን አስግጌ እጠብቃለሁ፣ መጋረጃው ሲነሳ እስካይ።

አውራ ጎዳና ባንድ።
አምስት ሰው፣ አምስት ኮት፣ ሁሉም በአንድ ልክ፤
ክፍለዮሐንስን ያነቀው መርዕድ ላይ የሚዝረከረክ።
አምዴ ጊታሩን ያነሳል። አይጀምርም።
ክሩን ያላላል፣ ያጠብቃል፤ የሚቸኩልበት ነገር የለም።
ያቺን ዝምታውን ነበር የምወዳት፣ ከዜማው አስበልጬ፣
ክብሪት ተጭሮ ሳይበራ ያለችውን፣ ትንፋሼን ውጬ።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ!
ቤዙ ከወለሉ ተነስቶ በጫማዬ ሶል ይገባል፣
ጉልበቴ ጋ አጣዋለሁ፤ ደረቴ ላይ ይገኛል።
አንዱን ዘፈን መቶ ሌሊት ሰማሁት፣ መቶ ሆነብኝ፤
ቅዳሜ ያስለቀሰኝ ቦታ፣ እሑድ ሳቅ ሳቅ አለኝ።

ይርገዱ የምትባል ነበረች፣ የቴሌ ስልክ አገናኝ፤
«እኔ የምመጣው ለኦርጋኑ ነው» ብላ ስትነግረኝ
ቅናት ያዘኝ፤ በሰውዬው ሳይሆን በኦርጋኑ።
ኋላ ነው የገባኝ። በሰው ቃል ተጨናንቆ የዋለ ጆሮ
ቃል የሌለበት ቦታ ያምረዋል፤ ጥላ ያለው ጓሮ።

ዘመኑ የሰዓት እላፊ ነው።
ስድስት ሰዓት ሲል በሩ ይቆለፋል፤ ሳይነጋ አይከፈትም፤
ውጭ ጠብመንጃ ቆሟል፤ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።
እነሱ መሄጃ የላቸው፣ እኛም መሄጃ የለን፣
እኛ ሰምተን አሳደርናቸው፣ እነሱ ተጫውተው አሳደሩን።

አንድ ሌሊት መብራት ሄደ።
ጊታሩ ዲዳ ሆነ። ኦርጋኑ ትንፋሹ ሰጠመ።
ልዑልሰገድ በግማሽ ቃል፣ የሞተ ማይክ ይዞ ቆመ።
መርዕድ ብቻ ቀጠለ።
ቆዳና እንጨት ብቻ፣ በዚያ ድቅድቅ፣
እንደ ሌሊት ዘበኛ እርምጃ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይርቅ።
ማንኪያ ከብርጭቆ፣ ጫማ ከጣውላ ተስማማ፤
ልዑልሰገድ ያለ ማይክ ዘፈነ፤
ትንሽዬ ድምፅ ኖሮታል፣ ሻካራ፣ ግን እስከ በሩ ተሰማ።
ከኋላዬ ያ ሁላችን የምንፈራው፣ ኮቱ ሥር ሽጉጥ የማያጣው ሰውም
ጠረጴዛ ሲደበድብ ሰማሁት። ምቱን አንዴም አልሳተም።

ገዛኸኝ በዳበሳ መጣ፤ ጆሮዬ ሥር፣ በሹክሹክታ፣
«አንተ ኤሌክትሪክ ትችላለህ አይደል? ፊውዙ ነው፤ ተነስ በል፣ ላፍታ!»
«አልችልም» አልኩት።
ዋሸሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ኪሴ ውስጥ ሽቦም ጉጠትም ነበረ።
ያ ዘፈን በእኔ ውሸት አደረ።

ቴፔ በባትሪ ነበር፤ ቀድቼዋለሁ። ዛሬም አለ።
የሰው ሳል፣ የማንኪያ ኳኳታ፣ አንዱ «ወይኔ!» እያለ።
ሁሉም አለ።
ጨለማው ግን አልተቀዳም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ብሔራዊ ጋ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ በምሽት፣
ከአምስቱ ሁለቱ መጡ፤ አምዴና መርዕድ፤ ኮት ሳይሆን ሽበት
የለበሱ።
አምዴ ጊታሩን አነሳ። አልጀመረም።
እኔም በሰባ ሁለት ዓመቴ ትንፋሼን ዋጥኩ።
ሁለተኛው ዙር ላይ ጣቱ ከዳው፤ አንድ ኖታ ዘለለ፤
ከጎኔ ስልኳን ያነሳች ልጅ
«ውይ፣ ተሳሳተ» አለች፣ ፊቷ ቅር እያለ።
«አዎ» አልኳት፣ «ደህና አድርገሽ ስሚው።
ያቺን ስህተት ሁለተኛ አታገኚያትም።»

አዳራሹ ብርሃን በብርሃን፤ ስልኩ እንደ ጧፍ ተደርድሮ፤
እጄ ኪሴን ዳበሰ፤ ዓይኔም ግድግዳውን ዞሮ ዞሮ
የፊውዙን ሣጥን ይፈልግ ጀመር።