የስም ኪራይ

ሃሚልተን፣ ባርተን ጎዳና፣ ቁጥር አራት መቶ አሥር፣
ሱቁ ምድር ቤት ነው፣ ከጥርስ ሐኪሙ ክፍል ሥር።
ከላይ መሰርሰሪያው ሲጮህ፣ እታች መስታወቱ ይርዳል፤
ክሩቼክ ይህን አይሰማም፣ ጆሮው ሌላ ያዳምጣል፦
የድሮ ኮምፒውተር ድምፅ፣ ሲነሣ የምትሰማ «ጢው»፣
በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከእንቅልፍ የለየችው።

እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ፤ ጠረጴዛዬ ከጓዳ፣
ሥራዬ ማስታረቅ ነው፣ ያለውን ገንዘብ ከዕዳ።
እንደ ሽማግሌ ቁጭ ብዬ ሁለቱን ወገን ልሰማ ስል
ዕዳ ብቻ ሲናገር ዋለ፤
ገንዘብ ከቀጠሮው ቀረ፣ «ታምሜያለሁ» ሲል።

ቬስፐር ነበር ስሙ።
ክሬም ቀለም ሣጥን፣ ቡናማ ቁልፎች ያሉት፣
ልጆች ለገና የሚለምኑት፣ አባቶች በዱቤ የሚገዙት።
ከዚያ ሞተ።
ፋብሪካው ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆነ።
ስሙ ብቻ ተረፈ፤ ከጠበቃ ወደ ጠበቃ፣
በፋይል ውስጥ ተኝቶ፣ አራት ጊዜ ተሸጦ፣ አንዴም ሳይነቃ።

ጥፋቱ የእኔም ነው።
አንድ ቀን ምሳ ስንበላ፣ እሱ ሳንድዊች፣ እኔ ሩዝ፣
«ስም ከመቃብር በላይ ነው» አልኩት፤ ለጨዋታ ያህል እንጂ ምክር ብሎ እንዲይዝ
አልነበረም።
እሱ ግን ማኘኩን አቆመ።
«በፊደላችሁ ጻፊልኝ» አለ። በካርቶን ክዳን ላይ ጻፍኩለት፤
ከገንዘብ መቀበያው በላይ ሰቀለው፣ እንደ ታቦት።
በሳምንቱ ቤቱን አስይዞ
የሞተውን ስም ለአምስት ዓመት ተከራየው።

ለካ ከመቃብር በላይም ኪራይ አለ፤
በየሦስት ወሩ የሚከፈል፣ በአሜሪካ ዶላር፣
የካናዳው በወረደ ቁጥር ሳይነኩት የሚጨምር።

ይሁን። ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰው ቅድሚያ ክፍያ ላከ፤
የተንደር ቤይ ጡረተኛ ነርስ፣ የሞንክተን ቧንቧ ሠራተኛ፣
«የወንድሜ ጨዋታ ያለበት ካሴት አለኝ፣ ይሠራ ይሆን?»
ብሎ የጻፈ አንድ መርከበኛ።
ገንዘቡ በአንድ በር ገባ፤ በሦስት በር ወጣ።
ቁልፎቹ በጥቅምት ደረሱ፤
ሣጥኑ ሲከፈት ቡናማው ሐምራዊ ሆኖ መጣ።
እኔ፣ «ሐምራዊ ቢሆንስ? ይጽፋል እኮ» አልኩ።
ሚስቱ ማርሊን፣ «ሌን፣ እባክህ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።
እሱ አንዱን ቁልፍ በጥፍሩ ፋቀ፣ ወደ ብርሃን አነሣው፣
«ይህ ቬስፐር አይደለም» አለና ሣጥኑን አሽጎ መለሰው።
ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር። በቀይ ጻፍኩት።
በዚያች ቀን ግን፣ አልዋሽም፣ ጥቂት አከበርኩት።

ኅዳር ላይ ስልኩን ነቀለ።
ኮንቴይነሩ ሞንትሪያል ወደብ ላይ የሚያስለቅቀው አጥቷል፤
የቆመበት ቦታ ቀን በቀን ይበላዋል።
ባንኩ አሁንም በትሕትና ይጽፋል፤
ደብዳቤው ብቻ እያጠረ መጥቷል።

ትናንት ነርሷ ራሷ መጣች፣ ከተንደር ቤይ፣ በአውቶቡስ፣
ደረሰኟን በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ በረዶው ከጫማዋ ሲፈስ።
ክሩቼክ ያለውን አንድ ናሙና ከመደርደሪያ አወረደ፣
ገመዱን ሰካ፣ ማብሪያውን ተጫነ፦
«ጢው»።
ከላይ መሰርሰሪያው እንኳ የቆመ መሰለኝ።
ሴትየዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።
«እሷ ናት» አለች፣ «ልክ እሷ ናት።»
ከዚያ እጇን ዘረጋች፦ «አሁን ገንዘቤን ስጠኝ።»

ቼኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት መቶ ዘጠና፣ ወሩ ሲያልቅ የሚመነዘር፤
እሱ ፈረመ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ አንድ ፊደል ሳይሰብር።
በሩን ከፈትኩላት። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ይነዳል፤
አውቶቡሷ ሃያ ሰዓት ይሄዳል።
ስንቅ የሌለው ቼክ ይዛለች፤
በዚህ ብርድ እስከየት ይወስዳታል?