በጥርስ መስማት

ጎህ ሳይቀድ አሽዶድ ላይ፣ ከወደቡ አጥር ሥር፣
ሞተሩን ሳስነሳው ይለኛል ጭርር… ጭርር፣
ጥርሱን እያፋጨ እንደሚተኛ ልጅ፤
ጸጥ ይላል ደግሞ ስጨምር ነዳጅ።
ሃያ ቶን ሴራሚክ ከኋላዬ አለ፤
ቤርሼባ ያለው ሰው ሦስት ጊዜ ደወለ።

ጋራዥ ገባሁ።
ኢዳን ኮምፒዩተሩን ሰካና አነበበ፤
«ጤነኛ ነው» አለኝ፣ ገመዱን ሰበሰበ።
«ታዲያ ይሄ ድምፅስ?»
ትከሻውን ሰበቀ።

ያኔ ጋሽ ሰማኸኝ ከጓሮ ብቅ አሉ፤
ስማቸው ሰማኸኝ፣ ጆሯቸው በሙሉ
ከተደፈነ ግን ሰባት ዓመት አልፏል።
እጃቸውን ጭነው ሞተሩን ዳበሱት፤
«ካቻቢቴ!» አሉ። ልጁ አልገባውም፤ በጣት አሳዩት።
ጫፉን ከፖምፓው ላይ፣ የእንጨት እጀታውን
ነከሱት በጥርስ፤ ጨፈኑ ዓይናቸውን።

ወገራ አባታቸው ማረሻ ሲመቱ
«ሳይናገር» ይሉ ነበር «አይሰበርም ብረቱ»።
ቀን ማረሻ ገዝቶ ማታ ጅብ ያላቸው
ጎረቤት ምን ያውቃል፣ ብረት ሲያዋያቸው!

እኔም ትንፋሼን ዋጥኩ።
ከንፈራቸው ላላ፤ ግማሽ ፈገግታ፤
«የፖምፓው» አሉና «የፖምፓው ኩሽኔታ»።

ፈታነው። ኢዳን በጣቱ ሲያዞረው
ያው ጭርር፣ መዳፉ ላይ፣ ትንሽ፣ እንደ ጥንዚዛ።

ማታ ነው የወጣሁ። ያ የቤርሼባው ሰው
ስንቴ እንደደወለ መቁጠሩን ተውኩት።
በጎን መስታወቱ ጋራዡን አየሁት፦
ኢዳን ቆሟል ብቻውን፣ ካቻቢቴ ነክሶ፣
ፍሪጁን ያዳምጣል፣ እንደሳቸው አጎንብሶ።