አልገባኝም

ሰኞ ማታ ሊዝበን ላይ፣ ቀይ ምንጣፍ በለበሰ ቤት፣
ጋዜጠኛዋ ቴልማ ተሸለመች፣ በነሐስ፣ በጭብጨባ ጩኸት።
«ውስብስቡን ነገር ገልጦ ላገር ላስረዳ ብዕር»
ይላል አሉ ጽሑፉ፤ በማይክ ተነበበ፣ በክብር።

እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ማቶዚኞሽ ነው የኔ ስፍራ፣
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ሰርዲን በበረዶ ስደረድር በተራ።
ስሜ ኤርሜሊንዳ። ዓሣ ሻጭ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ።
ጋዜጣ ለኔ መጠቅለያ ነበር፤ ለሰርዲን አንሶላ፣ ለማኬሬል መተኛ።

ጥር ላይ ነው የመጣች፤ ካፖርቷ በዝናብ ረጥቦ፣
በብብቷ የቤት ብድር ውል፣ ስልሳ ሁለት ገጽ፣ በጎማ ተሰብስቦ።
«ስንት ሺህ ሰው ፈርሞበታል፤ የተረዳው ግን የለም» አለች፤
«ለኔ ቢገባኝ አይበቃም፤ ላንቺ ይግባሽ» ብላ ባልዲዬን ደፍታ ተቀመጠች።

አነበበችልኝ። «አልገባኝም» አልኳት።
ጽፋ፣ ሰርዛ፣ ተመልሳ መጣች፤ «አሁንም አልገባኝም» አልኳት።
ሠንጠረዥ አሰመረች፣ ቀስት ሣለች፣
«ኢንዴክስ» አለች፣ «ህዳግ» አለች፣ «ተንሳፋፊ ወለድ» አለች።
«ዓሣ የሚንሳፈፈው» አልኳት «ሲሞት ነው፣ ሆዱ ተገልብጦ፤
ወለድ የሚንሳፈፈው ታዲያ ማንን ነው ውጦ?»
ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጠች፣ ብዕሯን ነክሳ ቆየች፤
«ድገሚው እስቲ፣ ኤርሜሊንዳ።» ደገምኩት። ጻፈች።

አሥራ አንድ ጊዜ መለስኳት፤ በመዝጊያዬ ላይ በጠመኔ
እያሰመርኩ፤ ደንበኞቼ «ዱቤ ነው?» ሲሉኝ «አዎ፣ የእኔ»።

በአሥራ ሁለተኛው ወረቀት አልያዘችም።
ከበረዶው አንድ ኪሎ ሰርዲን አንሥታ ሚዛኔ ላይ ጫነች።
«ዓሣው ያው ነው» አለች፣ «ቤትሽም ያው፣ በክንድ አልሰፋ፤
ባንኩ ግን በየስድስት ወሩ የሚዛኑን መርፌ ቢገፋ፣
አንዱን ኪሎ ሁለት ብሎ ቢያስከፍልሽ በጠራራ ፀሐይ፣
‹ፈቅደሻል› ይልሻል፤ ፊርማሽ አለ፣ አንቀጽ አሥራ አራት ላይ።»

ገባኝ።
እንደ ቢላ ነው የገባኝ፣ ካንገት እስከ ጅራት።

እሑድ ወጣ ጽሑፉ። ያን ቀን ዓሣ አልጠቀለልኩበትም።
ገበያው ቆሞ አነበበው፤ «አልገባኝም» ያለ የለም።

አዴሊኖ፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኙ፣ ጎረቤቴ፣
ባንድ ዓይና መነጽሩ ሁለቴ አነበበው፣ ተቀምጦ ከፊቴ።
አጠፈው። ኪሱ ከተተው። «አሁን ገባኝ» አለ።
ነገሩ ገባው፤
እሱ ግን ባለፈው ማክሰኞ ከቤቱ ወጥቷል።
ቁልፉን ሲያስረክብ የሞተር ቅባት ነበረበት፤
የባንኩ ልጅ በመሐረብ ነው የተቀበለው።

ሐሙስ ዕለት መጣች ቴልማ፣ ነሐሱን በፎጣ ጠቅልላ፤
«ግማሹ ያንቺ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከዓይኔ አግልላ፤
መድረኩ ላይ ስሜን አልጠራችም፣ አርታኢዋን ብቻ አመስግና።
አልከፋኝም አልልም፤ ትንሽ ከፋኝ፤ ሰው ነኝና።

«ነሐስ አይጠበስም» አልኳት፤ ሚዛኔ ላይ አኖርኩት፤
«ስድስት መቶ አርባ ግራም፣ ከሦስት ማኬሬል ያነሰ» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት።
ሳቅን። አዴሊኖም ሳቀ፣ ከገበያው በር ላይ፤
አሁን እኅቱ ዘንድ ነው የሚያድረው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባሕሩ በማይታይ።

ከዚያ ቴልማ አነሣችው።
መርፌው ግን ወደ ዜሮ አልደረሰም፤ ጥቂት ቀርቶት ቆመ።
በጣቴ መታ መታ አደረግኩት፤ ያረጀ ሚዛን ነው፣ የታመመ።

አሁንም እዚያው ነው።
ለደንበኛ ስመዝን፣ ያችኑ ያህል እየቀነስኩ ነው የምሸጠው።